አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩ፦ ከእንጦጦ ጀምራችሁ ቁልቁል ውረዱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ከደሴ መጡ። አዲስ አበባን አይተው አያውቁም ነበር። እኔም ሁሉንም በአንድ ቀን ላሳያቸው ተነሳሁ። ጠዋት መርካቶ፣ ቀትር ላይ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከሰዓት ቦሌ፣ ወደ ማታ እንጦጦ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ስንደርስ መንገድ ዳር ያለ ግንብ ላይ ቁጭ አሉ። "ልጄ፣ ያየሁት ሁሉ ተቀላቀለብኝ። እስቲ መጀመሪያ ቡና አጠጣኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የቀኑ ግማሽ ያለቀው ታክሲ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምከተለው አንድ መንገድ አለኝ። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ታሪኳም ከላይ ወደ ታች ነው የወረደው። ምኒልክና ጣይቱ መጀመሪያ የከተሙት እንጦጦ ተራራ ላይ ነው። ብርዱ ከባድ ነበር፤ ማገዶም እየራቀ ሄደ። እቴጌይቱ ከታች ያለውን ፍል ውሃ ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. ቦታውን "አዲስ አበባ" አሉት። ቤተ መንግሥቱም፣ መኳንንቱም፣ ገበያውም ተከትሎ ወረደ። እናንተም በዚያው መስመር ከወረዳችሁ ከተማዋ በቅደም ተከተል ትገባችኋለች። እግራችሁም ያመሰግናችኋል፤ መንገዱ ቁልቁለት ነውና።

ይህ መመሪያ ለሦስት ቀን ነው። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ሦስተኛውን ተዉት። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ የመጀመሪያውን ቀን በደንብ እዩና ሌላውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሦስቱን ቀን በአንድ ቀን ለመጨረስ ግን አትሞክሩ።

መቼ ብትመጡ ይሻላል?

ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል። እንጦጦ ላይ ሆናችሁ ከተማውን ሙሉ ለማየት ይህ ጊዜ ወደር የለውም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲትም ጥሩ ነው፤ ማታና ንጋት ላይ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከባድ ነው። በእነዚህ ወራት የግድ ከመጣችሁ ደጅ የሚታየውን ጠዋት ጨርሱና ከሰዓቱን ለሙዚየም ተዉት። ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

በዓልን በተመለከተ ጥንቃቄ አድርጉ። መስከረም 16 የደመራ ቀን መስቀል አደባባይ፣ ጥር 10 እና 11 ጥምቀት ጃን ሜዳ፣ ለራሳቸው መምጫ ምክንያት ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ማየት ይገባል። ግን በእነዚያ ቀናት መንገድ ይዘጋል፣ ማደሪያ ይሞላል፣ ሌላ ጉብኝት ማድረግ አይታሰብም። በፈረንጆች ፌብሩዋሪ የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ ሲኖርም እንደዚያው ነው። የሆቴል ዋጋ ይንራል፤ ዋና ዋና መንገዶች በድንገት ይዘጋሉ። ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ከቤት ስትወጡ የምትይዙት

መታወቂያ አትርሱ። ከውጭ ለምትመጡ ፓስፖርት ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ። ብዙ ቦታ በር ላይ ይጠየቃል፤ ፍተሻም አለ። ፎቶ ኮፒው ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ዝርዝር ብር ያዙ። ታክሲ ውስጥ ትልቅ ኖት ስታወጡ ረዳቱ መልስ የለኝም ይላችኋል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ለሆቴልና ለምግብ ቤት ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ይበቃል።

ጃኬት ያዙ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከድሬዳዋ፣ ከሰመራ፣ ከጋምቤላ ወይም ከዱባይ የምትመጡ ሰዎች የመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ሊያጥራችሁ፣ ራሳችሁን ሊያማችሁ ይችላል። ስለዚህ የመጣችሁበትን ዕለት አትሩጡ። ውሃ ጠጡ፣ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፣ በጊዜ ተኙ። ልብ ወይም አስም ያለበት ሰው አብሯችሁ ካለ እንጦጦን ለሁለተኛው ቀን ብታዘዋውሩት ይሻላል።

ሴቶች ነጠላ ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ያስፈልጋል። ለሁሉም ሰው ደግሞ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በር ላይ ጫማ ይወልቃል።

ውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆች ይዛችሁ ከመጣችሁ አንድ ነገር አስቀድማችሁ አስረዷቸው፦ ሰዓቱን። "ሦስት ሰዓት እንገናኝ" ሲባል የእነሱ ስልክ ዘጠኝ ነው የሚለው። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ያመለጣቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ማደሪያ

ቦሌ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ካፌውና ሆቴሉ ብዙ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ለጉብኝት ግን እኔ የምመርጠው አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ወይም ስታዲየምና መስቀል አደባባይ ዙሪያ ነው። ከዚያ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ታክሲ ይገኛል። በእግርም ብዙ ቦታ ይደረሳል።

ከክፍለ ሀገር በአውቶብስ የምትመጡ ከሆነ መናኸሪያ ላይ የሚቀበላችሁ ሰው ይኑር። ከሌለ ሻንጣችሁን ለማንም አትስጡ። "ርካሽ አልጋ አለ" እያለ የሚከተላችሁን ደላላ በትሕትና እምቢ በሉ። ማደሪያችሁን አስቀድማችሁ በስልክ ያዙና በቀጥታ ወደዚያው ሂዱ።

ታክሲ መያዝ

እንግዳን በጣም የሚያስፈራው ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላብራራው።

ነጭና ሰማያዊ ሚኒባሶቹ የከተማዋ ደም ሥር ናቸው። እያንዳንዱ ታክሲ መነሻና መድረሻ አለው። ረዳቱ፣ ወያላው ማለት ነው፣ መድረሻውን ይጣራል። "ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ!" "ሽሮ ሜዳ!" በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሰልፍ አለ። ሰልፉን አክብሩ። የቱ ሰልፍ የየት እንደሆነ ካልገባችሁ ፊት ለፊታችሁ የቆመውን ሰው ጠይቁ። የአዲስ አበባ ሰው የተቻኮለ ይመስላል እንጂ ሲጠየቅ አይጠላም።

ከተነሳ በኋላ ረዳቱ "ሒሳብ!" ይላል። ዋጋውን ካላወቃችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። መውረጃችሁ ሲደርስ ጮክ ብላችሁ "ወራጅ አለ!" በሉ። አታፍሩ። በሹክሹክታ ከተናገራችሁ ሁለት ፌርማታ ታልፋላችሁ።

መስኮት አጠገብ ከተቀመጣችሁ ስልካችሁን ወደ ውጭ አታሳዩ። መብራት ላይ ስትቆሙ ነጥቆ የሚሮጥ አለ።

ለማታ፣ ለሻንጣ፣ ለሽማግሌና ለሕፃናት ግን በስልክ የሚጠሩትን መኪኖች ያዙ። ራይድ አለ፣ ፈረስም አለ፣ ሌሎችም አሉ። መተግበሪያው ባይኖራችሁ ራይድን በ8294 ደውሎ መጥራት ይቻላል። ከመግባታችሁ በፊት ታርጋውን አመሳክሩ። መንገድ ላይ የምታገኙትን ኮንትራት ታክሲ ከያዛችሁ ደግሞ ዋጋውን ሳትገቡ ጨርሱ። ከገባችሁ በኋላ መከራከር ለሁለታችሁም ጥሩ አይደለም።

የከተማ ባቡሩ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሊያስጠብቃችሁ፣ ሊያጨናንቃችሁም ይችላል። ለጉዞ ብዬ አልመክረውም። ግን ቀትር ላይ ሰው ሳሳ ሲል ከስታዲየም ጥቂት ፌርማታ ብትሄዱበት ከተማውን ከፍ ካለ ቦታ ያሳያችኋል። ልጆች በጣም ይወዱታል።

አንደኛው ቀን፦ ከእንጦጦ እስከ አምስት ኪሎ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተነሱ። ሁለት ሰዓት ላይ እንጦጦ መድረስ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ የሚል ታክሲ ያዙ። ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ደግሞ እንጦጦ የሚል ሌላ አለ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባል። ይህ ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በማገዶ እጦት ልትፈርስ የነበረችውን ከተማ ያቆማት እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጫካው ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ታያላችሁ። ሸክሙ ከእነሱ ይበልጣል። መንገድ ልቀቁላቸው። እንደ ትርዒት ፎቶ አታንሷቸው።

እንጦጦ ማርያም ውረዱ። ምኒልክ ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፤ በ1882 ዓ.ም.። ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ። የነገሥታቱ አልባሳትና ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጡ ስጦታዎች ይታያሉ። አጠገቡ የምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት አለ። ግድግዳው ጭቃና እንጨት ነው። እዚያ ቆማችሁ ትንሽ አስቡ። የዓድዋ ጦርነት ከመድረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት አገሩ ይመራ የነበረው ከእነዚህ ዝቅተኛ ቤቶች ውስጥ ነው። ነገ የምታዩትን ከዚህ ጋር ስታነጻጽሩት ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

እዚህ አንድ ምክር፦ በጾም ቀናት ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ከመጣችሁ ቤተ ክርስቲያኖቹን ጠዋት ጎብኙ። ቅዳሴ እየተካሄደ ለጉብኝት መግባት ነውር ነው።

ጊዜና ጉልበት ካላችሁ እንጦጦ ፓርክን እዩ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። የእግር መንገዶችና የፈረስ ግልቢያ አለው። ከተማውን ቁልቁል የምታዩበት ጥሩ ቦታም እዚያ ታገኛላችሁ። ለብቻችሁ ግን ከመንገድ ወጥታችሁ ጫካ ውስጥ አትግቡ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ውረዱ። ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ነው። ሱቆቹ መንገዱን ተከትለው ተደርድረዋል። ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ የልጆች ልብስ። በመጀመሪያው ሱቅ አትግዙ። ሦስት አራት ሱቅ ዞራችሁ ጨርቁን ዳብሱት። ጥለቱ በእጅ የተሠራና በማሽን የታተመ ልዩነቱ በጀርባው ይታወቃል፤ ገልብጡት። ድርድር የተለመደ ነው፤ ግን ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሸማኔ ፊት ተቀምጦ ያመጣውን ዕቃ አታዋርዱ። የምትገዙትን ለመጨረሻው ቀን ብታደርጉት ደግሞ ተሸክማችሁ አትዞሩም።

ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር ውረዱ። ዝም ብሎ ቁልቁለት ነው። በመንገዳችሁ የአሜሪካ ኤምባሲ አለ። እዚያ አካባቢ ካሜራ አታውጡ። ይህ ለሁሉም ኤምባሲ፣ ለቤተ መንግሥት አጥርና ለወታደር ካምፕ ይሠራል። "አላወቅኩም" ማለት ከጥበቃ ጋር ረጅም ወሬ ከመግባት አያድንም።

ስድስት ኪሎ አደባባዩ መሐል ያለው ረጅም ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት ነው። ዙሪያውን የተቀረጹትን ምስሎች ሳታዩ አትለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን ሕዝቡን ጨፈጨፉት። ቦምቡ የተወረወረበት ግቢ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያን ጊዜ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባል ነበር።

ወደ ግቢው ግቡ። መታወቂያ አሳዩና ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሂዱ። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት አንድ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ወደ የትም አያደርስም። ጫፉ ሰማይ ላይ ነው የሚያልቀው። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት። እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከአዲስ አበባ አንድ ነገር ብቻ አሳይ ብባል ይህንን አሳያለሁ። አክስቴ በሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ወስጃቸው ነበር። ደረጃውን አንድ፣ ሁለት እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው አንበሳውን አዩና "ደግ አደረጉ" አሉ። እናንተም እዚያው ቆማችሁ ቁጠሩት።

ሙዚየሙ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡ። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔር ወይም በዘመን አይደለም። በሰው ዕድሜ ነው። ከልደት ይጀምራል፣ በልጅነት፣ በትዳር፣ በሥራ አልፎ ሞት ላይ ያበቃል። ስለዚህ የአፋሩ፣ የጉጂው፣ የጎጃሜው፣ የኮንሶው ሕይወት ጎን ለጎን ይታያል። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም። አክስቴ የቤት ዕቃዎቹ ፊት ቆመው እያንዳንዱ ለምን እንደሚያገለግል ሲነግሩኝ ሌሎች ጎብኚዎችም ቆመው ሰሙ። ከዚያ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎችና መታጠቢያ ቤት አሉ። ላይኛው ፎቅ መስቀሎችና ሥዕሎች ይታያሉ። አትቸኩሉ።

ምሳ ስድስት ኪሎና አምስት ኪሎ መካከል ብሉ። የተማሪ ሰፈር ስለሆነ ምግቡ ርካሽና ትኩስ ነው። ሽሮ ፈሰስ፣ በያይነቱ፣ ጥብስ ፍርፍር። ከምግብ በኋላ ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ጠይቁ። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ተደራርቦ በማንኪያ የሚበላ ነው። ሎሚ ይጨመርበት በሉ።

ከምሳ በኋላ ብሔራዊ ሙዚየም። ከአምስት ኪሎ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ሁሉም ሰው ለድንቅነሽ ነው የሚመጣው፤ ተገቢም ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር፣ አፋር ውስጥ ተገኘች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል። ከአጽሟ አርባ በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ብዙ ጊዜ ለዕይታ የሚቀርበው ቅጂው ነው፤ ዋናው በጥንቃቄ ይቀመጣል። ቀጥ ብላ የቆመችውን ቅርጽ ስታዩ የሚያስገርመው ማነሷ ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የስድስት ዓመት ልጅ ይዛችሁ ከሆነ አጠገቧ አቁሙትና እዩ።

ግን ከድንቅነሽ አልፋችሁ ሰላምን ፈልጉ። ዲኪካ የተገኘች፣ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተቆፈረች የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት። እኔ ሁልጊዜ ረዘም አድርጌ የምቆመው እሷ ጋ ነው። ከላይ ያሉትን ፎቆች ከደከማችሁ በፍጥነት እለፏቸው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ትልቅ ዙፋን ግን ሳታዩ አትውጡ።

ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ማደሪያችሁ ግቡና እግራችሁን ታጠቡ።

ሁለተኛው ቀን፦ አራት ኪሎና ፒያሳ

ከአራት ኪሎ ጀምሩ። አደባባዩ ላይ ያለው የድል ሐውልት የሚያዝያ 27 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የተመለሱበት ቀን። ከዚያ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሂዱ። የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር እዚህ ነው። የንጉሡ አጽም በክብር ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። ግቢው ውስጥ የአርበኞች መቃብሮች አሉ። የሲልቪያ ፓንክረስትም እንዲሁ። ከእንግሊዝ አገር ሆና ለኢትዮጵያ ነፃነት ስትጮህ የኖረች ሴት ናት። መቃብሯን ፈልጋችሁ እዩት።

ለምኒልክና ለጣይቱ መቃብር ደግሞ በዓታ ማርያም ትሄዳላችሁ፤ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ነው። ትናንት እንጦጦ ላይ የጭቃ ቤታቸውን አይታችኋል። ዛሬ መቃብራቸውን። ንግሥት ዘውዲቱም እዚያው ናቸው።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ወይም ቤተ መንግሥቱን ከውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ አንድነት ፓርክ እዚያው አቅራቢያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። የምኒልክ የግብር አዳራሽና የአንበሶቹ ስፍራ ይታያል። መግቢያው ከሌሎቹ ወደድ ይላል። ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ ፒያሳን ለሌላ ቀን ማዛወር ሊኖርባችሁ ነው።

ካልሆነ ወደ ፒያሳ በእግር ሂዱ። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል። የድሮዋን ፒያሳ የምታስታውሱ ከሆነ ልባችሁን አዘጋጁ። በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከውጭ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጡ ሰዎች አባታቸው ሱቅ የነበረበትን ጥግ ፈልገው ሲያጡ አይቻለሁ። የቆመውን ግን ማየት ይቻላል።

መጀመሪያ አራዳ ጊዮርጊስ። ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚህ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ውስጡን አስውበውታል። ብርሃኑ በመስታወቱ ሲገባ ለማየት ጠዋት ሂዱ። ከበሩ ውጭ ምኒልክ በፈረስ ላይ ናቸው። ይህን ሐውልት ጣሊያን በወረራው ጊዜ አንስቶት ነበር። ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከሐውልቱ ፊት የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ሰፊ ነው። ሁለት ሰዓት ካልሰጣችሁት አትግቡ። ለወጣት ልጆች ከመጽሐፍ የማያገኙትን ይሰጣቸዋል።

ከዚያ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ትንሽ ወረድ ስትሉ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጋ ትደርሳላችሁ። ሕዝቡ ለፋሺስት እንዳይገዛ አውግዘው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት ጳጳስ ናቸው። ሐውልቱ ለባቡር ግንባታ ተነስቶ የነበረ፣ በኋላ የተመለሰ ነው። የመኪናው ጫጫታ በዝቶባችሁ እንዳታልፉት።

ቡና የሚጠጣበት ሰዓት ደረሰ። ፒያሳ ቆሞ ቡና መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆላ የታወቀ ስም ነው። ማኪያቶ ስታዙ ወተቱ ይብዛ ወይም ይነስ የምትሉትን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የተፈጨ ቡና ለስጦታ መግዛት ከፈለጋችሁም እዚህ ግዙ።

ሦስተኛው ቀን፦ ወይ መርካቶ፣ ወይ መስቀል አደባባይ

ሁለቱንም አትሞክሩ። ምርጫው እንደ ሰዉ ነው።

መርካቶ ለሚሄድ፦ እሑድ አትሂዱ፤ አብዛኛው ዝግ ነው። ቅዳሜ ደግሞ መተላለፊያ የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ጣሊያኖች ናቸው በወረራው ጊዜ ገበያውን ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ያዛወሩት፤ ስሙም ከእነሱ ቀረ። ገበያው በተራ የተከፋፈለ ነው። የሚገዛው ነገር ያለው ሰው የተራውን ስም ይዞ ይሂድ። እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ሸማ ተራ፣ ዱባይ ተራ። ለማየት ብቻ የሚሄድ ግን ምናለሽ ተራን እንዳያልፍ። አሮጌ በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ጎማ ጫማ ሲሆን ዓይናችሁ ፊት ታያላችሁ። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም ጎረቤታሞች ሆነው እዚያው ቆመዋል። አዛኑና ቅዳሴው የሚሰማበት ሰፈር ነው።

ስለ ኪሳችሁ። ስልክና ብር የፊት ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ቦርሳ ከፊት ይታቀፍ። የተለመዱት ዘዴዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ ልብሳችሁ ላይ ቆሻሻ ያስነካና "ይቅርታ፣ ልጥረግልህ" ይላል፤ ሌላው ኪሳችሁን ያወልቃል። አንዳንዱ የሶፍት ካርቶን ደረታችሁ ሥር ደቅኖ ከሥሩ እጁን ይሰዳል። አንዳንዱ እግራችሁን ይይዝና ያስደነግጣችኋል። እንግዳ ሰው ድንገት ሲነካችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ኪሳችሁ ላይ አድርጉ። አትቁሙ፤ ወደ ሱቅ ግቡ። ባለሱቆቹ ይረዳሉ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ከኋላችሁ ሸክም የያዘ ሰው ሲጮህ ደግሞ ዞር ብላችሁ ሳታዩ ጥግ ያዙ።

መስቀል አደባባይ ለሚመርጥ፦ ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ደረጃው ላይ ሯጮች ሲለማመዱ ታያላችሁ። ከጎኑ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ትንሽ ነው፤ ግን ከባድ ነው። የተገደሉት ሰዎች ፎቶና አጽም ይታያል። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ አትግቡ። ከዚያ ወጥታችሁ ወዲያው ሌላ ቦታ አትሂዱ፤ አንድ ቦታ ቁጭ በሉ።

ከአደባባዩ ብዙ ሳይርቅ አፍሪካ አዳራሽ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል እዚያ ነው፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ ሰቆቃ፣ ትግልና ተስፋ ያሳያል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። አስቀድማችሁ ደውሉ ወይም ጻፉ፤ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ጥረት ይገባዋል።

ከዚያ ወደ ለገሐር፣ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። የመጀመሪያውን ቀን አንበሳ ካስታወሳችሁ እዚህ ቆማችሁ ፎቶ ተነሱ።

የመልስ ጉዞ በአውቶብስ ከሆነ ትኬታችሁን ከአንድ ቀን በፊት ቁረጡ። ረጅም መንገድ የሚሄዱት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሱት። ለዚያ ሰዓት መኪና ማታውኑ ያዙ፤ ጎሕ ሲቀድ ታክሲ እንደ ቀኑ አይገኝም። በአውሮፕላን ከሆነ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። በርበሬና ሽሮ ከያዛችሁ በደንብ የታሸገ ይሁንና የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። ሽሮ ሜዳ ያያችሁትን ጋቢ ካልገዛችሁ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ለዚያ ትሁን።